የመጀመሪያ ክራውለርዎን መምረጥና ማሻሻል፦ ከጎማ እስከ ሞተር

ክራውለር የሚባለው በሪሞት ኮንትሮል የሚነዳ፣ ለፍጥነት ሳይሆን ድንጋይና ቋጥኝ ላይ ቀስ ብሎ ለመውጣት የተሠራ አነስተኛ የመስክ መኪና ነው። ከሌሎች የሪሞት መኪናዎች የሚለየው በመልኩ ሳይሆን ከሥሩ ባለው አሠራር ነው፤ አራቱም ጎማዎቹ ይነዳሉ፣ የግራና የቀኝ ጎማዎች ሁልጊዜ እኩል እንዲዞሩ ዲፈረንሻሎቹ በአብዛኛው የተቆለፉ ናቸው፣ ማርሹ እጅግ ከባድ ስለሆነ ሞተሩ ብዙ ጊዜ ዞሮ ጎማው አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፣ ጎማው ለስላሳ ነው፣ አሞርዛተሮቹም አንዱ ጎማ ከፍ ሌላው ዝቅ ሲል አክሰሉ እንደ ልብ እንዲያዘነብል ይፈቅዳሉ።

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ማሻሻል የሚጀምረው ከሞተር ነው፤ እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነበር። ከፋብሪካ የመጣውን ሞተር አውጥቼ ኃይለኛ ሞተር ካስገባሁ በኋላ መኪናው ቀድሞ ያቃተውን ድንጋይ አሁንም አልወጣውም፤ ቀድሞ ጎማው እየተንሸራተተ ይቆም ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ኋላ ይገለበጥ ጀመር። ሞተሩን እንዳለ ትቼ በጎማው ውስጥ ያለውን ስፖንጅ ስቀይርና የፊት አክሰል ላይ ክብደት ስጨምር ያው መኪና ያንኑ ድንጋይ ወጣ። የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል የተቀዳው ከዚህ ነው። ክራውለርን ቋጥኝ የሚያወጣው የጎማው አያያዝና የክብደቱ አቀማመጥ ስለሆነ ገንዘቡም ድካሙም በመጀመሪያ እዚያ ላይ ይዋል፤ ሞተር መጨረሻ ላይ ይመጣል።

መጠኑን መወሰን

ክራውለሮች የሚመደቡት ከእውነተኛው መኪና ጋር ባላቸው ምጥጥን ነው። በብዛት የሚገኘው 1/10 የሚባለው መጠን ሲሆን፣ ከፊት አክሰል እስከ ኋላ አክሰል ያለው ርቀት በብዙዎቹ ሞዴሎች 313 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ የሚያንሱት 1/18 እና 1/24 ናቸው፤ የትራክሳስ ቲአርኤክስ-4ኤም ለመጀመሪያው፣ የአክሲያል ኤስሲኤክስ24 ለሁለተኛው የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው።

ውሳኔው የሚወሰነው መኪናውን በሚነዱበት ቦታ ነው። በአቅራቢያዎ እውነተኛ ድንጋይ፣ የተቦረቦረ ገደል ወይም ሥር የበዛበት ጫካ ካለ 1/10 ይምረጡ፤ ክብደቱ መሬቱን ለመያዝ ይረዳዋል፣ መለዋወጫውም ከሁሉም በላይ የበዛው ለዚህ መጠን ነው። የሚነዱት በአብዛኛው ቤት ውስጥ፣ መጻሕፍትና የእንጨት ቁርጥራጭ ደርድረው ከሆነ ግን 1/24 ይበቃዎታል። ትንሹ መኪና ሲወድቅ በራሱ ክብደት ስለማይጎዳ የሚሰበርበት ክፍል ጥቂት ነው። ድክመቱ ትንንሽ ጠጠር እንኳ ለእርሱ ቋጥኝ መሆኑና በጣም ደቃቅ ብሎኖቹ ለማጥበቅም ሆነ ላለማጣት ትዕግሥት መፈለጋቸው ነው። 1/18 በመካከል የሚገኝ፣ ቤት ውስጥም ውጭም የሚሠራ መጠን ነው። ከገዙ በኋላ ሐሳብዎን ቢቀይሩ የአንዱ መጠን ክፍሎች ለሌላው እንደማይሆኑ አስቀድመው ይወቁ፤ የ1/10 ቸርኬ በብዛት 1.9 ኢንች ሆኖ በ12 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን እምብርት ላይ ሲታሰር፣ የኤስሲኤክስ24 ቸርኬ 1.0 ኢንች፣ እምብርቱም 7 ሚሊ ሜትር ነው።

ተገጣጥሞ የመጣ ወይስ የሚገጣጠም

ተገጣጥሞ የሚሸጠው መኪና ከሪሞቱ፣ ከሞተሩ፣ መሪውን ከሚያዞረው ሰርቮና የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮለር ጋር ይመጣል፤ አንዳንዱ ባትሪና ቻርጀር የለውምና የሳጥኑን ጽሑፍ በጥንቃቄ ያንብቡ። በክፍል በክፍሉ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሮኒክሱን አይጨምርም፤ ሞተሩንና ሰርቮውን ራስዎ መርጠው ይገዛሉ፣ ብዙ ጊዜም ቦዲውን ራስዎ ይቀባሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የምመክረው ተገጣጥሞ የመጣውን ነው። ምክንያቴ የቴክኒክ ችሎታ ማነስ አይደለም፤ መመሪያውን የሚከተል ማንኛውም ሰው መኪናውን መገጣጠም ይችላል። ነገር ግን ነድቶ የማያውቅ ሰው የትኛው ሰርቮ ወይም የትኛው ጎማ እንደሚያስፈልገው ሊያውቅ አይችልም፣ በዚህም የተነሳ የተሻለ መስሎት የሚገዛው ነገር ብዙውን ጊዜ አላስፈላጊ ይሆናል። በፋብሪካው ዕቃ ጥቂት ሳምንታት ሲነዱ ግን መኪናው ራሱ የሚጎድለውን ያሳይዎታል። ለመሥራት ያለዎት ፍቅር ከመንዳቱ የሚበልጥ ከሆነ ብቻ ከሚገጣጠመው ይጀምሩ።

ከመግዛትዎ በፊት ሥሩን ማየት

ቦዲው ዓይን ይስባል፤ ውሳኔው ግን ከሥር ባለው ላይ ይሁን። በመጀመሪያ የሚታየው አክሰሉ ነው። ቀጥ ያለው አክሰል ዘንጉ በቀጥታ ከጎማው መሐል ይገባል፤ ቀላል ነው፣ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ለመጠገንም አያስቸግርም። ፖርታል የሚባለው ግን በጎማው እምብርት ላይ ተጨማሪ ማርሽ ስላለው አክሰሉ ከጎማው መሐል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ በዚህም ዲፈረንሻሉ ድንጋይ ላይ የሚቀረቀርበት አጋጣሚ ይቀንሳል። ሁለተኛ ጥቅሙ ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ነው። የማርሹ ቅነሳ በከፊል የሚካሄደው ጎማው ዘንድ ስለሆነ ከካምቢዮ ወደ አክሰል የሚሄዱት ሻፍቶች የሚሸከሙት ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቤንዚን ሲሰጡት (ማለትም የሪሞቱን ማስኬጃ ሲጫኑ) ሻንሲው ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብልበት የታወቀ ችግር ይቃለላል። ትራክሳስ ቲአርኤክስ-4 ፖርታል አክሰል፣ ሁለት ፍጥነት ያለው ካምቢዮና ከሪሞቱ የሚቆለፍና የሚከፈት ዲፈረንሻል አለው። ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለመማር ግን የግድ አስፈላጊ አይደለም፤ ሁልጊዜ በተቆለፈና በቀጥታ አክሰል የሚሄድ መኪናም በጥሩ ጎማ ብዙ ርቀት ይሄዳል።

ቀጥሎ ማርሾቹ ከምን እንደተሠሩ ይጠይቁ። በአክሰሉ ውስጥ ያሉት ኮሮናና ፒኞን ከብረት መሆን አለባቸው። ስፒድ ኮንትሮለሩ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ እንደሚቀበልና የባትሪው ቮልቴጅ ከመጠን በላይ እንዳይወርድ የሚያደርግ የሊፖ መከላከያ እንዳለው ያረጋግጡ። ከዚያም ወደ መለዋወጫው ይመለሱ። የመሪ እምብርት፣ የጎማ ዘንግና ሻፍት ለብቻቸው ተገዝተው የሚገኙለት መኪና፣ በወረቀት ላይ የተሻለ ሆኖ መለዋወጫ ከሌለው መኪና ይበልጣል፤ ምክንያቱም ክራውለር ይሰበራል፣ መሰበሩም የአነዳድ ጉድለት ሁልጊዜ አይደለም። ያገለገለ መኪና የሚገዙ ከሆነ ጎማዎቹን በእጅዎ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ነቅንቀው የኩሽኔታውን ልቅነት ይፈትሹ፣ አሞርዛተሮቹ ዘይት ማፍሰስ አለማፍሰሳቸውን ይመልከቱ፣ መኪናውንም በእጅዎ እየገፉ የማርሽ መፋጨት ድምፅ እንዳለ ያዳምጡ።

ከማሻሻል በፊት፦ የመጀመሪያው ቀን ሥራ

መኪናው ሲደርስ ወዲያው አይንዱት። ቦዲውን አውርደው እያንዳንዱን ብሎን በትክክለኛው መፍቻ ይሞክሩ። ብረት ከብረት ጋር የሚገናኝበት ብሎን፣ ለምሳሌ የሞተር ማሰሪያውና የሻፍቱ መያዣ፣ በንዝረት ስለሚላላ አንድ ጠብታ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ያስፈልገዋል። ፕላስቲክ ውስጥ ለሚገባ ብሎን ግን ይህን ማጣበቂያ አይጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን ሊያደክመውና ሊሰነጥቀው ይችላል።

በመቀጠል የሞተሩ ፒኞን (በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ትንሽ ማርሽ) እና ትልቁ ማርሽ የሚነካኩበትን ርቀት ያስተካክሉ። የሞተሩን ብሎኖች አላልተው ቀጭን ወረቀት በሁለቱ ማርሾች መካከል ያስገቡ፣ ሞተሩን ወደ ማርሹ ገፍተው ብሎኖቹን ያጥብቁና ወረቀቱን አዙረው ያውጡ። የወረቀቱ ውፍረት የሚያህል ክፍተት ሲቀር ማርሾቹ ሳይጣበቁም ሳይዘሉም ይዞራሉ። ከዚያ በሪሞቱ ላይ መሪው ቀጥ ማለቱን ያስተካክሉ፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ሲያዞሩ ሰርቮው እየጮኸ ከቀረ ጎማው ከማቆሚያው ጋር እየታገለ ነውና፣ ጩኸቱ እስኪቆም ድረስ የሪሞቱን የመጨረሻ ገደብ ይቀንሱ። ሰርቮ ከሚቃጠልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ትንሽ ማስተካከያ መዘንጋቱ ነው።

አሁን አንድ የሙከራ መንገድ ይምረጡ። መኪናው አንዳንዴ የሚወጣው አንዳንዴ የሚያቅተው ድንጋይ ይሁን፤ የመነሻ ቦታውን በጠመኔ ያመልክቱ፣ 10 ጊዜ ይሞክሩና ስንቱን እንደወጣና እንዴት እንዳቃተው ይጻፉ። ጎማው ተንሸራትቶ ነው? ፊቱ ተነስቶ ወደ ኋላ ተገልብጦ ነው? ወደ ጎን ወድቆ ነው? ወይስ ሆዱ ተቀርቅሮ ነው? ከእነዚህ የእያንዳንዱ መፍትሔ የተለያየ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራም በሙሉ በዚህ ማስታወሻ ላይ ይመረኮዛል። አንድ ነገር በቀየሩ ቁጥር ወደዚያው ድንጋይ ይመለሱ፤ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ከቀየሩ የትኛው እንደጠቀመና የትኛው እንደጎዳ ማወቅ አይችሉም።

ጎማ፦ ከሁሉ የሚቀድመው

የጎማ ነገር ሦስት ነገሮችን ያጠቃልላል፤ የላስቲኩን ልስላሴ፣ በውስጡ ያለውን ስፖንጅና ቸርኬው ላይ የሚያዝበትን መንገድ። የክራውለር ጎማ በአየር አይነፋም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ስፖንጁ ነው። በቸርኬው ወይም በጎማው ላይ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ የሚኖረውም ለዚህ ነው፤ ጎማው ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ በውስጡ ያለው አየር ወጥቶ ላስቲኩ የድንጋዩን ቅርጽ መያዝ አለበት። ቀዳዳው በጭቃ ከተደፈነ ጎማው እንደ ተነፋ ኳስ ይሆንና ይነጥራል።

ላስቲኩ በለሰለሰ መጠን ደረቅና ሻካራ ድንጋይ ላይ የተሻለ ይይዛል፤ በዚያው ልክ ግን ቶሎ ያልቃል። የፋብሪካ ጎማዎች ብዙውን ጊዜ ዕድሜ እንዲኖራቸው ጠንከር ያለ ላስቲክ ስላላቸው ለስላሳ ጎማ መግዛት ወዲያው የሚታይ ለውጥ ያመጣል። ሲመርጡ የጥርሱን ቅርጽ ከሚነዱበት መሬት ጋር ያስተያዩ፤ ሰፋፊ ክፍተት ያላቸው ትልልቅ ጥርሶች ጭቃና ልቅ አፈር ላይ ራሳቸውን ያጸዳሉ፣ ተቀራራቢ ጥርሶች ያሉት ጎማ ግን ለንጹሕ ድንጋይ ብዙ የመነካኪያ ገጽታ ይሰጣል። የ1.9 ኢንች ጎማዎች የውጭ ዲያሜትር በአብዛኛው ከ105 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ትልቁ ጎማ ከመሬት ከፍ ያደርጋል፤ ነገር ግን የክብደቱን ማዕከልም አብሮ ከፍ ያደርጋል፣ ማርሹን ያቀላል፣ መሪው ሲዞርም ቦዲውን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ከፋብሪካው መጠን በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚበልጠውን እንዲሞክሩ እመክራለሁ።

ስፖንጁ ግን ከጎማው እኩል ትኩረት ይገባዋል፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። በጣም ለስላሳ ስፖንጅ ያለው ጎማ መኪናው በጎኑ ባዘነበለ መሬት ላይ ሲሄድ ይተኛና መኪናውን ይገለብጠዋል፤ በጣም ጠንካራ ከሆነ ደግሞ የላስቲኩን ልስላሴ ከንቱ ያደርገዋል። ጥሩው አማራጭ ውስጡ ጠንከር ያለ፣ ውጩ ለስላሳ የሆነ ባለ ሁለት ድርብ ስፖንጅ ነው፤ ጠንካራው እምብርት የጎኑን መተኛት ይከላከላል፣ ለስላሳው ልባስ ድንጋዩን ያቅፋል። ይህን መግዛት ካልቻሉ የፋብሪካውን ስፖንጅ ዙሪያውን በየ2 ሴንቲ ሜትር በመቀስ በመሰንጠቅ ማለስለስ ይቻላል፤ ከፊቶቹ ይጀምሩ፣ የኋላዎቹን ይተዉ፤ በኋላ ጎማዎች ውስጥ ያለ ጠንከር ያለ ስፖንጅ መኪናው ሽቅብ ሲወጣ ክብደቱን በተሻለ ይሸከማል።

ጎማው ከቸርኬው ጋር በሙጫ የተጣበቀ ከሆነ ስፖንጁን ለመቀየር ያስቸግራል። በዚህ ምክንያት ጎማውን በቀለበትና በብሎኖች ቆንጥጦ የሚይዘውን ቸርኬ መግዛት ተገቢ ወጪ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስፖንጅና ክብደት እንደ ልብ ይቀያየራል። ሲገጥሙ የጎማውን ከንፈር በቀለበቱ ጎድጓዳ በትክክል ያስቀምጡ፣ ብሎኖቹንም በተርታ ሳይሆን በተቃራኒ አቅጣጫ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ፤ በአንድ ወገን ብቻ ካጠበቁት ቀለበቱ ያዘነብላል፣ ጎማውም እየተወላገደ ይዞራል።

ክብደት፦ ወደ ታች፣ ወደ ፊት

መኪናው ሽቅብ ሲቆም ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ጎማዎች ይሸሻል፤ የፊቶቹ ይቀሉና መያዝ ያቆማሉ፣ በመጨረሻም ፊቱ ይነሳል። ይህን የሚያክመው ክብደትን ከጎማው መሐል በታች ወይም በዚያው ልክ፣ በተለይም ከፊት ማስቀመጥ ነው። የብዙ ነጂዎች መነሻ ከጠቅላላው ክብደት 60 በመቶው ከፊት፣ 40 በመቶው ከኋላ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ለመለካት የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። የፊት ጎማዎቹን ሚዛኑ ላይ፣ የኋላዎቹን ከሚዛኑ እኩል ከፍታ ባለው እንጨት ላይ ያቁሙና ይመዝኑ፤ ከዚያ አዙረው የኋላውን ይመዝኑ። ፊቱ 1,650 ግራም፣ ኋላው 1,150 ግራም ቢሆን ጠቅላላው 2,800 ግራም፣ የፊቱ ድርሻ 59 በመቶ ገደማ ነው። ባትሪው በቦታው መሆን አለበት፤ ያለ ባትሪ የተመዘነ መኪና የሚሰጠው ቁጥር አይጠቅምም።

ማስተካከያው ምንም ሳይገዙ ይጀምራል። የጣራ መደርደሪያውን፣ ትርፍ ጎማውንና ከላይ ያለውን ጌጥ ሁሉ ያውርዱ። ባትሪውን ከተቻለ ወደ ፊት ያዛውሩ፤ ክራውለር የሚስበው የኤሌክትሪክ መጠን አነስተኛ ስለሆነ ከ2,200 እስከ 3,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ ትንሽ ባትሪ በቂ ጊዜ ያስኬዳል፣ ከፊትም ይገባል። ከዚህ በኋላ ነው ክብደት የሚጨምር፣ ከነሐስ የተሠራ ክፍል የሚገዛው። የመጀመሪያ ቦታው የፊት መሪ እምብርት ነው፤ ከዚያ የፊት ዲፈረንሻል ክዳን፣ ከዚያ በፊት ቸርኬዎች ውስጥ የሚገባ ክብደት። በቸርኬው ውስጥ የሚለጠፍ የእርሳስ ብረትም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ እርሳስ ከነኩ በኋላ ግን እጅዎን በሚገባ ይታጠቡ። በግራና በቀኝ እኩል ግራም መሆኑን በሚዛን ያረጋግጡ።

ክብደት ዋጋ ያስከፍላል፤ ጎማው ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ግራም ለሰርቮውና ለጎማው ዘንግ ተጨማሪ ጫና ነው። 50 ግራም ጨምረው ይሞክሩ፣ የሙከራ ድንጋዩ ላይ ለውጥ እስካዩ ድረስ ይቀጥሉ፣ ለውጡ ሲቆም ያቁሙ። የኋላ አክሰል ላይ ነሐስ የሚያስፈልገው መኪናው በጎን መሬት ላይ እየወደቀ ሲያስቸግር ብቻ ነው።

ሰርቮና የሚመግበው ኃይል

ለስላሳ ጎማና ከባድ የፊት አክሰል ሲኖር የፋብሪካው ሰርቮ ጎማው በሁለት ድንጋዮች መካከል በተጣበቀ ጊዜ ማዞር ያቅተዋል። የሰርቮ ጉልበት የሚለካው በኪሎ ግራም በሴንቲ ሜትር ነው። ለ1/10 ክራውለር ከ25 እስከ 35 ኪሎ ግራም ያለው፣ የብረት ማርሽና ውኃ የማያስገባ ሽፋን ያለው ሰርቮ ይምረጡ። ፍጥነቱ ላይ አይጨነቁ። ማስታወቂያው የሚጽፈው ቁጥር ግን በየትኛው ቮልቴጅ እንደሆነ ይመልከቱ፤ በ7.4 ቮልት 30 ኪሎ የሚያነሳ ሰርቮ በ6 ቮልት ያን ያህል አያነሳም።

ኃይለኛ ሰርቮ ኃይለኛ ምግብ ይፈልጋል። በስፒድ ኮንትሮለሩ ውስጥ ለሪሲቨሩ (የሪሞቱን ትእዛዝ ለሚቀበለው ክፍል) እና ለሰርቮው ቮልቴጅ ቀንሶ የሚሰጥ ቤክ የሚባል ክፍል አለ። ሰርቮው ሲታገል ከዚህ ክፍል አቅም በላይ አምፒር ከሳበ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሪሲቨሩም ለአፍታ ይጠፋል፤ መኪናው መሪውን ባዞሩ ቁጥር ይቆማል፣ ከዚያ ራሱ ይመለሳል። ይህ ምልክት ሲያጋጥመኝ ሪሲቨሩ ተበላሽቷል ብዬ ቀይሬዋለሁ፤ አዲሱም ያንኑ አደረገ። መፍትሔው ከባትሪው በቀጥታ ኃይል የሚወስድ፣ ለብቻው የሚሠራ ቤክ መግጠም ነበር። የሰርቮውን ከፍተኛ የአምፒር ፍላጎት ያንብቡ፣ ቤኩ ከዚያ በላይ ይኑረው፣ ቮልቴጁም ሰርቮው ከሚፈቅደው አይለፍ። ለብቻው የሚሠራ ቤክ ሲገጥሙ ከስፒድ ኮንትሮለሩ ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደውን ቀይ ሽቦ ከሶኬቱ አውጥተው በቴፕ ይሸፍኑ፤ ሁለት የኃይል ምንጮች አንድ መስመር ላይ መጋጨት የለባቸውም።

ሲገጥሙ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። አዲሱን ሰርቮ ከሪሲቨሩ ጋር አገናኝተው ሪሞቱንና መኪናውን ያብሩ፣ ሰርቮው መሐል ላይ ይቁም፣ ከዚያ በኋላ ክንዱን በቀጥታ አቅጣጫ ይጫኑ። ብዙዎቹ 1/10 ሰርቮዎች 25 ጥርስ ያለው ዘንግ ስላላቸው ክንዱም 25 ጥርስ ይሁን፤ ፕላስቲክ ክንድ ከጠንካራ ሰርቮ ጋር ስለማይቆይ የአሉሚኒየም ይግዙ። በመጨረሻም የሪሞቱን የመጨረሻ ገደብ እንደገና ያስተካክሉ።

አሞርዛተርና ዘንጎች

አሞርዛተር ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን ይፈትሹ። ከአንዱ ጎማ ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እንጨት ያስገቡ፤ ሌሎቹ ሦስት ጎማዎች መሬት ካልለቀቁ አሠራሩ ጥሩ ነው። መኪናው በራሱ ክብደት የአሞርዛተሩን ጉዞ ሲሶ ያህል ቢሰምጥ ጎማዎቹ ወደ ጉድጓድ ለመውረድ ቦታ ያገኛሉ። ምንም የማይሰምጥ ከሆነ ሞላው ጠንካራ ነውና በለስላሳ ይቀይሩት። ዘይቱን ሲቀይሩ ዘንጉን ቀስ ብለው ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ የአየር አረፋው እስኪወጣ ይጠብቁ፤ በ30 ቁጥር አካባቢ ያለ ዘይት ለጅምር ጥሩ ነው።

አክሰሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት የታችኞቹ ዘንጎች ድንጋይ ላይ የሚንሸራተቱት እነርሱ ስለሆኑ ከፕላስቲክ ወደ ማይዝግ ብረት መቀየራቸው ሁለት ጥቅም አለው፤ አይጎብጡም፣ ክብደታቸውም ከታች ነው። የላይኞቹን እንዳሉ ይተዉ። ርዝመታቸው ከቀድሞው በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢለይ አክሰሉ ይዞራል፣ ሻፍቱም ባልተፈለገ ማዕዘን ይሠራል፤ ስለዚህ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርገው ይለኩ።

ሞተር፣ ማርሽና ባትሪ

እስከዚህ የደረሰ ሰው ሞተሩ በእርግጥ ያንሰው እንደሆነ አሁን ማወቅ ይችላል። ብሩሽ ባለው ሞተር ላይ የተጻፈው ቁጥር የሽቦውን ጥምጥም ብዛት ያሳያል፤ 35 ጥምጥም ያለው በብዙ ክራውለሮች ላይ የሚመጣ ሲሆን 45 እና 55 ያላቸው ይዘገያሉ፣ በዝቅተኛ ፍጥነትም ለመቆጣጠር ይቀላሉ። ይህ ቁጥር የሚነጻጸረው በእኩል መጠን ባላቸው ሞተሮች መካከል ብቻ ነው፤ 540 የሚባለውን ከረዘመው 550 ጋር በጥምጥም ቁጥር ማወዳደር ያሳስታል። መኪናው በዝግታ ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሞተር ከመቀየር በፊት ፒኞኑን በአንድ ወይም በሁለት ጥርስ ያነሰ ያድርጉ፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ሞተሩም ይቀዘቅዛል። ከነዱ በኋላ ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድ በጣትዎ መንካት ካልቻሉ ማርሹ ቀሎበታል ማለት ነው።

ብሩሽ የሌለው፣ ሴንሰር ያለው ሞተር ለስለስ ያለ አነሳስና ረጅም ዕድሜ ይሰጣል፤ ተስማሚ ስፒድ ኮንትሮለር ስለሚጠይቅ ግን ሁለቱን በአንድ ላይ ማሰብ ያስፈልጋል። ሴንሰር የሌለው ከሆነ በዝቅተኛ ፍጥነት ብዙ ጊዜ ስለሚንገጫገጭ ለክራውለር ብዙም አይመረጥም። በስፒድ ኮንትሮለሩ ላይ ደግሞ ቤንዚን ሲለቁ መኪናውን የሚይዘውን ፍሬን ያጠንክሩት፤ ቁልቁለት ላይ ጣትዎን ሲያነሱ መኪናው ባለበት መቆም አለበት።

ሊፖ ባትሪ ባለ ሁለት ሴል ሲሆን 7.4 ቮልት፣ ባለ ሦስት ሴል ሲሆን 11.1 ቮልት ነው። ስፒድ ኮንትሮለሩ ባለ ሦስቱን እንደሚቀበል ሳያረጋግጡ አይሰኩ፤ የባትሪ ዓይነት መምረጫውም ሊፖ ላይ መሆኑን ይዩ፤ አለበለዚያ መከላከያው አይሠራም። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከ3.0 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል፤ ስለዚህ 3.2 አካባቢ ሲደርስ መንዳት ያቁሙ። ቻርጅ ሲያደርጉ ሴሎቹን በሚያመጣጥን የሊፖ ቻርጀር፣ ከባትሪው አቅም ጋር እኩል በሆነ አምፒር ይሁን፤ ለ2,200 ሚሊ አምፒር ሰዓት 2.2 አምፒር ማለት ነው። እሳት በማይይዝ ቦታ ላይ፣ እርስዎ ባሉበት ብቻ ቻርጅ ያድርጉ፤ ያበጠ ወይም የተቀጠቀጠ ባትሪ ፈጽሞ አይጠቀሙ።

ሊዘገዩ የሚችሉ ነገሮች

የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ በጥቂት በመቶ ፈጥነው እንዲዞሩ የሚያደርግ የማርሽ ለውጥ አለ፤ ፊቱ መኪናውን ይስባል፣ መታጠፊያውም ይጠባል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ አክሰል መክፈትን ስለሚጠይቅና ማስተላለፊያውን ስለሚያጨናንቅ ግን ለሁለተኛ ዓመት ይቆይ። አሉሚኒየም የአሞርዛተር ማማ፣ ፓራውልትና የቦዲ መያዣ ክብደትን ወደ ላይ ከማውጣት በቀር ለመውጣት አይረዱም። ፕላስቲክ ደግሞ በጥቂቱ ጎብጦ ይመለሳል፤ አንዱ ቦታ ሲጠነክር ግጭቱ ወደሚቀጥለው ደካማ ክፍል ስለሚተላለፍ በተሰበረው ምትክ ብቻ ጠንካራውን ይግዙ።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ

ጭቃውን በብሩሽ ያራግፉ፣ የጎማ ቀዳዳዎቹን ይክፈቱ፣ በሻፍቱ ላይ የተጠመጠመ ሣር ወይም ፀጉር ካለ ይቁረጡ። ውኃ ውስጥ ከገቡ ጎማዎቹን በእጅዎ ጨምቀው ውኃውን ያስወጡ፣ ብሩሽ ያለውን ሞተር ያድርቁና በዘንጉ ሁለት ጫፎች ላይ አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ያንጠባጥቡ። ውኃ የገባበትን አክሰል በሚቀጥለው ቀን ከፍተው ግራሶውን ይመልከቱ፤ ወተት መስሎ ከነጣ ጠርገው አዲስ ይቀቡ። የጎማ ዳዶዎቹን ያጥብቁ። መኪናውን ለተወሰኑ ቀናት የማይነዱት ከሆነ ባትሪውን ከመኪናው ያውጡ፣ እያንዳንዱንም ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ አድርገው ያስቀምጡ።